ሙዝና ምን?

ሶሐር ውስጥ አንድ ቤት አለ፣ ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ያለ፣
ወንበሩ ጉልበቴ ላይ የሚቀር፣ ጠረጴዛው ከወገብ በታች የዋለ።
ቧንቧው ዝቅ፣ መስተዋቱ ዝቅ፣ የሽርጥ መስቀያው ዝቅ፤
እዚያ የሚያጎነብሰው አዋቂ ነው፣ ልጅ አይንጠራራ፣ አይሳቀቅ።

እኔ ረዳት ነኝ፤ ሽርጥ አስራለሁ፣ ፍሬ አጥቤ አደርቃለሁ፣
ስድስት ደነዝ ቢላዋ ቆጥሬ አወጣለሁ፣ ስድስቱን ቆጥሬ እመልሳለሁ።
ልጁ ከሙዙ ጫፍ ጋር ይታገላል፤ ልጣጩ እንቢ ይለዋል፤
እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆማለሁ። ከባዱ ሥራ ይኸ ነው፦ አለማገዝ።

ዘነበች ነበርኩ፤ ልጆቹ ዘይነብ ይሉኛል፤
ደመና በማይቆምበት ሰማይ ሥር እውነተኛው ስሜ ውሸት ይመስላል።

ሙዝና የምትባል አለች፣ አራት ዓመቷ፣ ቃል የማይወጣት፤
የዝናብ ደመና ማለት ነው አሉኝ፣ በእነሱ ቋንቋ ሲፈቱት።
ለእኔ ጆሮ ግን ስሟ ገና ነው፣ ጫፉ ያልደረሰ ነገር፤
ሪማ ጠዋት «ሙዝና» ብላ ስትጠራ፣ እጠብቃለሁ እንድትጨምር።
ሙዝና ምን? ሙዝና ዳቦ? ሙዝና ወተት?
ልጅቱ እጇን ታነሣለች ብቻ፤ አፏ ዝም፣ ዓይኗ መሬት።

ሪማ ከቤሩት ይዛው የመጣችው ትምህርት ሦስት እርከን አለው፦
«ይህ ሮማን ነው» ብሎ ዝም ማለት፤ ቃሉ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።
ቀጥሎ «ሮማኑን ስጪኝ»፤ ጣት ይመልሳል፣ አፍ ሳይጠየቅ፤
«ይህ ምንድን ነው?» ግን መጨረሻ ነው፣ ልጁ ልጦ፣ ጨምቆ፣ አሽትቶ ሲያውቅ።

በመጀመሪያው ሳምንቴ እኔም ተማሪ ነበርኩ፤ አፌ ቀደመኝ።
ሙዙ ሙዝ ሆኖ፣ ተምሩ ተምር፣ ሎሚው ሎሚ ሆኖ ሲጠብቀኝ፣
«ይሄማ የእኛው ቋንቋ ነው» ብዬ
ያቺን ቢጫ ፍሬ፣ መዓዛዋ ክፍሉን የሞላውን፣ ከትሪው አነሣሁና
«ይህ ዘይቱን ነው» አልኩ።
ሪማ ጆሮዬ ሥር መጣች፤ በቀስታ፣ ልጆቹ እንዳይሰሙ፦
«ዘይቱን የወይራ ፍሬ ነው። ይህች ጀዋፋ ናት።»
ጀዋፋ። ጀዋፋ። ጀዋፋ።
ቃሌን ከልጣጩ ጋር ባልዲው ውስጥ ጣልኩት፣ ጠፋ።

ዛሬ የከረጢት ቀን ነው። ዓይን በሻሽ ይታሰራል፤
እጅ ጨርቁ ውስጥ ይገባል፣ ያላየውን ያወጣል።
ሳልም ብርቱካኑን ዳበሰና «ኳስ!» አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ሞላ፤
ሸምሳን የአናናስ አክሊል ወጋት፣ እጇን ሸሸገች ከኋላ።

ከዚያ ሙዝና። ክንዷ እስከ ክርኗ ጠፋ።
ዳበሰች። አወጣች። አፍንጫዋ ሥር ያዘቻት፣
ያዘቻት፣
ያዘቻት፤ ማቀዝቀዣው ብቻ ይጮኻል።
ማንም ሳይጠይቃት፣
«ዘይቱን» አለች።

ድምጿ ጎርናና ነው ለካ። ማን ያውቅ ነበር?

ሪማ ልታርም አፏን ከፈተች።
ሊወስዳት ቀድሞ የደረሰው አያቷ፣ በሩ ላይ፣
ኩማ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ሳቀ፦
«ተያት፣ አስተማሪ። ቦዩ ዳር ሦስት ዛፍ አለን፣ አባቴ የተከለው፤
ጀዋፋ የሱቅ ስሙ ነው፣ ለእኛ ዘይቱን ነው።»

ሪማ ቀላች። ካርዱን ገለበጠች፤ በጀርባው ሁለተኛ ስም ጻፈች።
እኔን አላየችኝም።
አይታኛለች።

ሙዝና ዘይቱን፣ አልኩ በልቤ። ሙዝና ዘይቱን።
ለካ እስካሁን የምጠብቀው ይኸን ነበር።

ሰዓቱ ደረሰ። ትሪ ጠረግሁ፣ ሽርጥ ፈታሁ፣
ጥርሴ መሐል የቀረችውን ፍሬ በምላሴ እየፈለግሁ
ቢላዋ ቆጠርኩ፦ አምስት።
ደግሜ ቆጠርኩ፦ አምስት።
ስድስተኛው ሙዝና እጅ ነው፤
አያቷን በር ላይ አቁማ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ይዛ፣
ገና ትቆርጣለች።